የወጌሻ ልጅ አጥንት

አጥንቴ ተሰብሮ አያውቅም። ይህን የምለው እንደ ቀላል ነገር አይደለም፤ አፌን ሞልቼ ነው። ሌላው ሰው በልጁ ይኮራል፣ በሠራው ቤት ይኮራል። እኔ ከአንገቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሙሉ በመሆኔ ነው የምኮራው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ክርና ቁልፍ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ አጠገቤ ጫማ የምትሸጥ ጎረቤት አለችኝ። ገበያው ውስጥ ሰው ተሰበረ በተባለ ቁጥር ይህች ሴትዮ ወደ እኔ ዞር ትልና «በይ ጀምሪ እንግዲህ፤ አፍሽን ሳይበላሽ አይቀርም» ትለኛለች። እኔም እጀምራለሁ።

አንድ ክረምት የተሳፈርንባት ባጃጅ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠች። የሹፌሩ ትከሻ ወለቀ፤ አብራኝ የነበረችው ሴት የእጇ አንጓ ተሰበረ። እኔ ከሥር ነበርኩ፤ ሁለቱም እላዬ ላይ ነው የወደቁት። ብድግ አልኩ፣ ቀሚሴን አራገፍኩ፣ ከዚያ «እናንተ ልጆች፣ ወተት ሳትጠጡ ነው እንዴ ያደጋችሁት?» አልኳቸው። ሹፌሩ በዚያ ሁሉ ስቃይ ውስጥ ሆኖ በዓይኑ ሊበላኝ ምንም አልቀረውም። ጎረቤቴ ይህንን ስነግራት «አንቺስ ጉረኛ ብቻ አይደለሽም፣ ግፈኛ ነሽ» ብላ እስኪያማት ሳቀች።

ግን ጉራዬን ከሜዳ አላመጣሁትም። የወጌሻ ልጅ ነኝ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አንኮበር ላይ ስብራት ሲጠግን፣ ውልቃት ሲመልስ ኖረ። አንኮበር ደግሞ ወጌሻ ሥራ የማይፈታበት አገር ነው። መንገዱ ሁሉ ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት ነው። ክረምት ላይ ጭቃው ሰውን ጠልፎ ይጥላል፤ ገና ሲደርስ ደግሞ ጎረምሳው በገና ዱላ ቅልጥሙን ተቀጥቅጦ፣ በጓደኞቹ ትከሻ እየተንጠለጠለ ይመጣል። ሁሉም እኛ ደጅ ነው። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ የወጣበት ሰው ከመጣ አባቴ አይነካውም። «ይሄ የሐኪም ነው፤ ሰዓት አትግደሉ» ብሎ በሸምበቆና በጨርቅ ደግፎ ያስረውና ወደ ደብረ ብርሃን ያስጭነዋል። ሌላውን ግን ራሱ ይይዛል።

የሚይዝበት ወግ ነበረው። የተሰበረውን ከመንካቱ በፊት ደህናውን ይዳብሳል። የቀኝ እጁ የተሰበረ ሰው ከመጣ፣ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ግራውን ከላይ እስከ ታች በጣቶቹ ይወርደዋል። በሽተኛው «ኧረ አባባ፣ ያመመኝ ይሄኛው ነው!» ብሎ ይጮሃል። አባቴም «አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ደህናውን» ይላል። ደህናው እንዴት እንደተሠራ ጣቱ ካልያዘለት፣ የተሰበረውን የት ድረስ እንደሚመልሰው አያውቅማ።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን እኔን ይጠራኛል። «ነይ እስቲ አንቺ» ይላል። ከየትም ብሆን እመጣለሁ። የግራ እጄን ከክርኔ እስከ አንጓዬ ይዳብስና ለበሽተኛው «ይቺ ልጅ ተሰብራ አታውቅም፤ ልኬ እሷ ናት» ይለዋል። ሰዎቹ ያዩኛል። እኔ ደረቴን ነፍቼ እቆማለሁ። እግሩ የተሰበረ ሰው ሲመጣም የሚዳብሰው የኔኑ እጅ ነው። አንድ ቀን «አባዬ፣ ለእግር የኔ እጅ ምን ያደርግልሃል?» ብለው «ጣቴን ላሟሙቅ ብዬ ነው» አለኝ። ቤቱ ሙሉ ሳቀ።

እናቴ ብቻ በዚህ ጨዋታ ስቃ አታውቅም። አባቴ «ልኬ እሷ ናት» ማለት ሲጀምር ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብሰብ አድርጋ ወደ ጓሮ ትወጣለች። የሰው ዓይን ፈርታልኝ ይመስለኝ ነበር።

ስወድቅ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ከዛፍ ወድቄያለሁ፣ በቅሎ ረግጣኛለች፣ ከቆጥ ላይ ተንከባልዬ ምድጃው ጥግ ደርሻለሁ። አባቴ በወደቅኩ ቁጥር ፊቱ አመድ መስሎ ይሮጥና ጉልበቴ እየደማ እንኳ መጀመሪያ የሚይዘው የግራ እጄን ነው። ዳብሶ ዳብሶ ሲጨርስ «ደህና ነሽ! ደህና ነሽ!» ይላል፤ ድምፁ ግን ከእኔ ይልቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። በክረምት እዚያው እጄ ላይ፣ ከክርኔ ዝቅ ብሎ፣ የሚቆረጥም ነገር ይሰማኝ ነበር። «ብርድ ነው» ይለኛል። ቅቤ አቅልጦ ያሸኝና በአሮጌ ጋቢ ቁራጭ ይጠቀልልልኛል። አግብቼ ወደ ደብረ ብርሃን ስሄድ ሌላው ዘመድ እያለቀሰ መረቀኝ። እሱ ግን ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝና «የዚያ አገር ብርድ ለእጅሽ አይሆንም» አለኝ።

እናቴ ስትሞት አባቴን እኔ ጋ አመጣሁት። ባሌን ቀድሜ ቀብሬ ስለነበር ቤቱ የሁለታችን ሆነ። ሁለት ጉረኛ አንድ ጣራ ሥር! እሱም ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲጠግን ኖሮ ራሱ ተሰብሮ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ከሱቄ ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቅ ጎረቤቴ ሆን ብላ ትነካካዋለች። «አባባ፣ እንግዲህ በዚህ ዕድሜ አደራ፣ እንዳይወድቁ» ትለዋለች። እሱም ከዘራውን መሬት ላይ መታ መታ ያደርግና «ብወድቅስ? እኛ ቤት አጥንት አይሰበርም» ይላታል። እኔ ከውስጥ ሆኜ «ንገራት!» እላለሁ።

ያለፈው ኅዳር ክፉኛ ውርጭ ጣለ። ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ወደ ግቢው እንደወጣ ሲወድቅ ሰማሁ። አልጮኸም። ስደርስ ሰማይ ሰማዩን እያየ ተኝቷል። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው እግሩ ላይ ነው። ቀኝ እግሩ አጥሯል፤ የእግሩ ጣቶች ወደ ውጭ ዞረዋል። እንደዚህ የዞረ እግር ይዘው ስንት ሽማግሌና አሮጊት እኛ ቤት ሲገቡ አይቻለሁ። እሱ ግን «አንሺኝ እንጂ ምን ታፈጫለሽ!» አለኝ።

ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ ራጅ ተነሳ። ሐኪሙ ትሑት ልጅ ነበር። «እናቴ፣ አንዴ» ብሎ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። ዳሌው ላይ ተሰብሯል አለኝ። የሚድነው በቀዶ ሕክምና ነበር፤ ልቡ ግን በጣም ስለደከመ ማደንዘዣውን አይችልም። «ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቧቸው፤ ሰውነታቸው እንዳይቆስል እያገላበጣችሁ» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለእሳቸው መንገሩን ለእርስዎ ትቼዋለሁ» አለ።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ወሬ ለታማሚው አይነገርም። ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ «አደራ፣ እንዳትነግሪው! ተስፋ ቆርጦ በዚያው ይሄድብሻል» አለኝ። እኔም «ውልቃት ነው» አልኩት። ውልቃት! ዕድሜውን ሙሉ ውልቃት ሲመልስ ለኖረ ሰው! እሱም «ለጥምቀት አንኮበር እወጣለሁ፤ እስከዚያ እነሳለሁ» አለ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ይደግማል። ይህንን ሲል ደግሞ እኔን ነው የሚያየው፤ እኔም የማደርገው ስለሌለኝ ትራሱን አስተካክላለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴና እኔ አገላብጠን አስተኛነው። እሷ ወደ ሱቅ ከተመለሰች በኋላ «በሩን ዝጊና ነይ» አለኝ።

«ሐኪሙ ምንድን ነው ያለሽ?»

«ነገርኩህ እኮ አባዬ። ውልቃት ነው።»

«ውልቃት ከሆነ ለምን አልመለሰውም?»

«እብጠቱ ይጉደል ብሎ ነዋ።»

«እሺ። አንቺ ዳብሺው።»

«እኔ ምን አውቄ?»

«ታውቂያለሽ። አጠገቤ ቆመሽ ነው ያደግሽው። መጀመሪያ ደህናውን።»

ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። ግራ እግሩን ከዳሌው ጀምሬ ዳበስኩ። ምን ያህል ከስቷል! አጥንቱ ሁሉ በጣቴ ይቆጠር ነበር። ከዚያ ቀኙን ያዝኩ። አጥንቱ መሆን ያለበት ቦታ ላይ የለም። ሳልጫነው እንኳ፣ ጣቴ ሲያርፍበት ትንፋሹ ተቆረጠ። ቀና ስል እጄን አልነበረም የሚያየው፤ ፊቴን ነው። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እንደ ምንም ብዬ ሳቅኩ።

«ውልቃት ነው አባዬ። እኛ ቤት አጥንት ተሰብሮ ያውቃል እንዴ?» አልኩት።

እንባው በዓይኑ ጥግ ወርዶ ጆሮው ውስጥ ሲገባ አየሁ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ እናቴን ስንቀብር እንኳ አላለቀሰም።

«ውሸታም» አለኝ። «ከኔ ነው የወረስሽው። በይ ያንን የግራ እጅሽን ስጪኝ።»

ሰጠሁት። እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፈነ። ጣቶቹ ከክርኔ ተነሱና ዝቅ ሲሉ፣ ክረምት ክረምት የሚቆረጥመኝ ቦታ ላይ ቆሙ።

«እዚህ ጋ ነው» አለኝ። «ክርስትና የተነሳሽ ዕለት። ክረምት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንወርድ ከእናትሽ እጅ ተቀበልኩሽ። ‹ተው፣ ያዳልጥሃል፣ እኔ ልያዛት› ብላኝ ነበር። እኔ የት ልስማ! የመጀመሪያ ልጄ ነሽ። ሰው ሁሉ እንዲያይሽ ከፍ አድርጌ ይዤሽ ስወርድ እግሬ ከዳኝ። እላይሽ ላይ ወደቅኩ። ሲሰበር ሰማሁት።»

ወጌሻ የነበረው አጎቱ እንደሆነ፣ ያን ቀን ግን ወደ መዘዞ ሄዶ ወንዙ ሞልቶ እንዳስቀረው፣ እሱ ራሱ ከማየት በቀር ሰው ነክቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። እኔ ጮኼ ጮኼ ደክሞኝ ዝም ስል፣ የሞትኩ መስሎት ነበር። «ቀኝ እጅሽን ዳበስኩ» አለኝ፤ «ጣቴን እንኳ አያህልም ነበር። ደህናው እንዴት እንደሆነ ያዝኩ። ከዚያ ግራውን መለስኩት። የመጀመሪያዋ በሽተኛዬ አንቺ ነሽ።» እናቴን ለማንም እንዳትናገር በማርያም አስምሏት ነበር። መውደቃችንን ያየ ሰው እንኳ መሰበሬን አላወቀም፤ እስኪድን ድረስ እጄ የተጠቀለለው ብርድ መትቶት መሰለው።

«በየሰዉ ፊት የጠራሁሽ ልክ ፈልጌ አልነበረም» አለኝ። «አጥንቱ ይዞ እንደሆነ ለማየት ነው። ልቤ አላምን ብሎኝ ነው። ኋላ ደግሞ ‹ተሰብሬ አላውቅም› እያልሽ መጎረር ስትጀምሪ… እንደዚያ ስትይ ያቺ ዕለት የሌለች ይመስለኝ ነበር። እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። እንዴ! በዚህ ዓለም ላይ የምኮራበት አንድ ነገር ቢኖረኝ እሱኑ ይውሰድብኝ? ጉሮሮዬ ላይ የደረሰ ክፉ ቃል ነበረኝ። እጄን ግን አለቀቀም። ጣቱ እዚያችው ቦታ ላይ ይመላለሳል፤ ዛሬም አላመነም። ያ ሽማግሌ ስንት ዓመት ሙሉ ስለዚህ እጅ ሲሰጋ እንደኖረ ያኔ ገባኝ፤ ክፉውን ቃል ዋጥኩት።

«አባዬ» አልኩት፣ «ብርድ ነው አላልከኝም?»

ዓይኑን ገለጠ።

«ብርድ ነው ካልከኝ ብርድ ነው» አልኩት።

ከንፈሩ ላይ የድሮ ፈገግታው መጣ። «እሺ። የኔስ?»

«ያንተም ውልቃት ነው።»

«እሺ» አለ። «እሺ፣ የኔ ልጅ።» ከዚያ ወዲያ ስለ እግሩ ጠይቆኝ አያውቅም። ለጥምቀት እነሳለሁ ማለቱንም ተወ። በየቀኑ ሳገላብጠው ግን ግራ እጄን ለአፍታ ይይዛታል።

ጥምቀት ሳይደርስ ሞተ። አንኮበር ወሰድነውና እናቴ አጠገብ ቀበርነው። አስከሬኑን የተሸከሙት ሰዎች ወደ መቃብሩ ቦታ ቁልቁለቱን ሲጀምሩ፣ እኔ ከለቅሶው መሐል ወጥቼ «ቀስ በሉ፣ ያዳልጣል! ቀስ ብላችሁ ያዙት!» እያልኩ ጮህኩ። በጋ ነበር፤ መንገዱ አቧራ እንጂ ጭቃ አልነበረውም። ሰዎቹ ኀዘን ያናወዘኝ መስሏቸው «እሺ፣ እሺ» አሉኝ። ቀስ ብለውም ወረዱ።

ወደ ሱቄ ከተመለስኩ ቆይቻለሁ። በቀደም እዚያው ገበያ ውስጥ አንድ ጆንያ ተሸካሚ ወድቆ እጁ ተሰበረ፤ ወሬው እኛ ጋ ደረሰ። ጎረቤቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ ስለ አጥንት አንስታብኝ አታውቅም ነበር። ያን ዕለት ግን ልታስቀኝ ፈልጋ መሰለኝ፣ ፈራ ተባ እያለች «በይ ጀምሪ እንግዲህ» አለችኝ።

«አጥንቴ ተሰብሮ አያውቅም» አልኳት፣ አፌን ሞልቼ።

ደስ አላት፤ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ አየችኝ። «እጅሽን ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ጭምቅ አድርገሽ የያዝሽው?» አለችኝ።

ዝቅ ብዬ አየሁት። ለካስ በቀኝ እጄ ግራዬን ይዤ፣ እዚያችው ቦታ ላይ እየዳበስኩ ነው።

«ብርድ ነው» አልኳት።

ቀትር ነበር፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጎረቤቴ ቀና ብላ ሰማዩን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ነጠላዋን አውልቃ እጄ ላይ ጣል አደረገችልኝ።