ከሸሚዝ ስር የታሰረ መቀነት

ዛሬ ቦንጋ ገበያ አረንጓዴ መቀነት ተሰቅሎ ሳይ ቶሎ ብዬ አለፍኩ።

በደርግ ጊዜ ነው። ወንድሜ ለውትድርና ሲመለመል እናቴ "ደካ ገጠር፣ አክስትህ ዘንድ ተደበቅ" ብላ ለመነችው። "ለጋሽ ወልዴ ቃል ሰጥቻለሁ፤ አልሸሽም" አላት። ጋሽ ወልዴ የድሮ የካፋ ፈረሰኞችን ወግ እየነገሩ ያሳደጉን ሽማግሌ ጎረቤታችን ነበሩ። ወንድሜ የእናቴን አረንጓዴ መቀነት ግን እምቢ አላለም። ጥይት እንዳያገኘው ብላ ከሸሚዙ ስር አሰረችለት።

ምልምሎቹን የሚወስደው መኪና ጋ ስንደርስ ጋሽ ወልዴ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው "እናትሽ ለመንገዱ ምን ሰጠችው?" አሉኝ። ትልቅ ሰው ሲጠይቀኝ መዋሸት አልችልም ነበር። ነገርኳቸው።

የወንድሜን ሸሚዝ በከዘራቸው ገለጡት። "እዩልኝ! ፈረሰኛ ቃሉን ይታጠቃል፤ ይሄ የእናቱን መቀነት ታጥቋል!"

ምልምሎቹ ሳቁ። አንዱ "እሜቴ፣ ምጡ መጣ እንዴ?" አለው። ወንድሜ መቀነቱን ፈትቶ እጄ ላይ ጣለውና ተሳፈረ።

"አሁን ወንድ ሆንክ" አሉት ጋሽ ወልዴ።

አልተመለሰም። እናቴ ዛሬም ስትጸልይ "ልጄን ያሳጣውን አፍ ዝጋልኝ" ትላለች። ለጋሽ ወልዴ የነገርኳቸው እኔ መሆኔን አታውቅም። እኔም አጠገቧ ሆኜ አሜን እላለሁ።