ወገብ የሚያጠነክር ብረት

ወገቤ የተቀጨው በጠራራ ፀሐይ፣ በሥራ ላይ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የብረታ ብረት ቤት አለኝ፤ በር፣ መስኮት፣ የግቢ አጥር እሠራለሁ። ያን ቀን ለአንድ የማንኩሳ ደንበኛ የሠራሁትን የግቢ በር አይሱዙ ላይ እየጫንን ነበር። ባልደረባዬ ከላይ ሆኖ ሲስብ እኔ ከታች በትከሻዬ ገፋሁ። በሩ ዞር ሲል አብሬው ዞርኩ። ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ። በሩን አልለቀቅኩትም፤ ተጭኖ ሲያልቅ ግን በጉልበቴ ወረድኩና እዚያው ቀረሁ።

ሦስት ሳምንት ፍራሽ ላይ ተጋደምኩ። ካልሲዬን የምታጠልቅልኝ፣ ጫማዬን የምታስርልኝ ባለቤቴ ነበረች። ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲያጥፍ የኖረ ሰው እግሩ ጣት ድረስ ጎንበስ ማለት ሲያቅተው ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል። የሰፈራችን ወጌሻ መጡ፤ አከርካሪዬን ከላይ እስከ ታች በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ ወረዱ።

«አጥንትህ ቦታው ላይ ነው» አሉኝ። «የሰነፈው ሥጋህ ነው።»

ተቀየምኳቸው። ከጠዋት እስከ ማታ ብረት የሚሸከም ሰው ሥጋው እንዴት ይሰንፋል? ግን ቂሙ ወገቤን አላቃናልኝም።

በአራተኛው ሳምንት ቡሬ ውስጥ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለች ብለው ነገሩኝና በሚኒባስ የፊተኛው ወንበር ላይ፣ እያንዳንዱን ጉድጓድ እየቆጠርኩ ሄድኩ። ባለሙያዋ ገና ወጣት ናት። ሆስፒታል ያነሡኝን የራጅ ፊልም ወደ መስኮቱ ይዛ አየችው፤ ከዚያ አንድ እግሬን አንሥቼ እንድቆም፣ በሆዴ ተኝቼ ደረቴን እንዳነሣ አዘዘችኝ። ደረቴ ከአልጋው አንድ ስንዝር እንኳ አልተነሣም።

«እጅዎና ትከሻዎ ጠንካራ ነው» አለችኝ። «ወገብዎን ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ ግን ደካማ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ በእጅዎ ሲያነሡ ኖረዋል፤ ወገብዎ አልሠራም። መተኛቱ ደግሞ የባሰ ያደክመዋል።»

ወጌሻው ያሉኝን ነው የደገመችልኝ። አንዱ በአውራ ጣት፣ አንዷ በፊልም አይተው አንድ ነገር ከተናገሩ እኔ ማን ነኝ ብዬ ተቀበልኩ።

መሬት ላይ የሚሠሩ ጥቂት እንቅስቃሴዎች አሳየችኝ። በመጨረሻ ስልኳን አውጥታ ተማሪ ሳለች የሠለጠነችበትን አንድ መሣሪያ ምስል አሳየችኝ፤ ሰው ቁርጭምጭሚቱን አስይዞ፣ ጭኑን ትራስ ላይ አስደግፎ ወደ ፊት የሚደፋበትና ተመልሶ የሚቃናበት። «ይሄ ቢኖረኝ ለስንቱ በተረፍኩ» አለች።

ስልኩን ተቀብዬ ምስሉን አሰፋሁት። ውስጡ ክፍት የሆነ ቱቦላሬ ነው፤ ስፖንጅ ነው፤ ጥቂት ብሎን ነው።

«ይሄ እኮ ብረት ነው» አልኳት። «እኔ ደግሞ የብረት ሠራተኛ ነኝ።»

«ብረቱስ ቀላል ነው» አለችኝ ስልኳን እየተቀበለች። «የሚያስቸግረው ሰውነቱ ነው።»

ቃሉ እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ አብሮኝ ተጓዘ። ቤት ስደርስ ሳልቀመጥ ከልጆቼ አንድ ደብተር ለምኜ መሣል ጀመርኩ።

የመጀመሪያውን መሣሪያ የሠራሁት እኔ እየተናገርኩ ባልደረባዬ እየበየደ ነው። ብየዳው ጥሩ፣ ቀለሙ ጥሩ፤ ከሩቅ ሲያዩት ከምስሉ አይለይም። ወጥቼበት ወደ ፊት ስደፋ ግን መሣሪያው እኔን ይዞ ተደፋ። የፊት እግሩ አጭር ነበር። ባልደረባዬ በቀበቶዬ ይዞ ባያስቀረኝ ኖሮ ጥርሴንም እጨምርበት ነበር።

ባለቤቴ ከበሩ ላይ ቆማ አየችን። «የወገብ መድኃኒት ብለህ ወገብህን ልትጨርሰው ነው?» አለችና ወደ ውስጥ ገባች። እኔ የፊት እግሩን አስረዘምኩት።

አሁን መደፋቱ ቀረ። ግን ሌላ ችግር መጣ፤ አምስት ጊዜ ደፋ ቀና ስል ትራሱ ሆዴን አፍኖ ትንፋሽ ያሳጣኛል፤ ወገቤም ከመጠንከር ይልቅ ያመኛል። ስፖንጁን አወፈርኩት። አልሆነም። አሳሳሁት። አልሆነም። ሁለት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። ያን ሰሞን መብራት ስለሚጠፋ ብየዳው ሁለት ሰዓት ሠርቶ አራት ሰዓት ይቆማል፤ እኔም በዚያ መሐል ብረቱን ዙሪያውን እየዞርኩ አየው ነበር።

በገበያ ቀን አባቴ ከገጠር መጡ። ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ያለ የገበሬ መንደር ነው የሚኖሩት፤ በቆሎና ጤፍ ያርሳሉ። በወጣትነታቸው ጥቂት ዓመት የቅኔ ቤት ደጅ ጠንተው፣ አባታቸው ሲሞቱ ወደ እርሻው የተመለሱ ሰው ናቸው። ጎበጥ እንዳሉ ዱላቸውን ተደግፈው፣ መሣሪያው ላይ ስደፋና ስቃና ቆመው አዩኝ።

«እስቲ ውረድ» አሉኝ። ወረድኩ። «ቀንበር ጠምደህ ታውቃለህ?»

«እንዴት አላውቅም፣ አባባ።»

«ቀንበሩ ሻኛው ሥር መደገፉን ትቶ ወደ ጉሮሮ ከተንሸራተተ በሬው ምን ይሆናል?»

«ይታነቃል።»

«ይታነቃል እንጂ አይጎትትም። ያንተም ትራስ ሆድህን ነው ያነቀው።» ጠጋ አሉና በዱላቸው ጫፍ ከጭኔ መጋጠሚያ ላይ ነካ አደረጉኝ። «ሰው የሚታጠፈው እዚህ ላይ ነው፤ ከእምብርቱ አይደለም። ልጄ፣ አንተ ሰሙን ነው የበየድከው። ወርቁ ከታች ነው።»

ትራሱን ከዳሌዬ አጥንት በታች፣ ጭኔ ላይ እንዲያርፍ ዝቅ አደረግኩት። ሰው ሁሉ ቁመቱ አንድ ስላልሆነ በቋሚው ላይ ቀዳዳ በስቼ ትራሱ በፔርኖ፣ በሚነቀልና በሚሰካ ብረት፣ ከፍና ዝቅ እንዲል አደረግኩ። ወጥቼ ደፋ አልኩ። ሆዴ ነፃ ሆነ፤ ስቃና ደግሞ ከወገቤ ግራና ቀኝ ሁለት ገመድ ሲወጠር ተሰማኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እዚያ መኖራቸውን አላውቅም ነበር።

ምስሉን ለባለሙያዋ ላክሁላት። ደወለችልኝ። «ትራሱን ማን ዝቅ አደረገው?» አለች። «አባቴ» አልኳት። ከዚያ ሕጉን ነገረችኝ፦ በዝግታ፣ ከአሥር ጊዜ ሳይበልጥ፣ ሲቃኑ ወደ ኋላ ሳይለጠጡ፤ ሕመሙ ወደ እግር የወረደ ዕለት ማቆም። ሕጉን በኖራ ግድግዳው ላይ ጻፍኩት። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳልጀምር እሠራለሁ፤ ሲያመኝ እቀንሳለሁ እንጂ አልቀርም። ክረምቱ ሲወጣ ካልሲዬን ራሴ አጠለቅኩ። ባለቤቴ አየችኝ፤ ምሳ ላይ ትልቁን ሥጋ ወደ እኔ ገፋችው።

ከዚያ በኋላ ነው አባቴን ማየት የጀመርኩት። ሁልጊዜ እየመጡ ሲሄዱ ሳላያቸው ኖሬአለሁ። ከመደብ ሲነሡ መጀመሪያ ዱላ፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ «እመ ብርሃን» ነው። ቅዳሴ ላይ ከወንጌል በኋላ ወጥተው ዛፍ ሥር እንደሚቀመጡም እናቴ ነገረችኝ። መሣሪያውን ይሞክሩት አልኳቸው።

«እንደ ታረደ በግ ተዘቅዝቄ?» አሉ። «ሰው ፊቱን ወደ መሬት የሚደፋው ለፈጣሪው ነው። ለብረት አልደፋም።»

አልተከራከርኳቸውም። የማይደፋ ሰው ከሆነ ቆሞ የሚሠራበት ያስፈልጋል ማለት ነው። በዚያው ሳምንት አዲስ ሥዕል ጀመርኩ። ወለሉ ላይ ሰፊ ላሜራ፣ ከፊት ጭን የሚደገፍበት ትራስ፣ እጅ የሚይዘው እንደ እርፍ ያለ እንጨት። ከእንጨቱ የተነሣ ገመድ በካሩኮላ፣ በምትሽከረከር የገመድ ጎማ፣ ዞሮ ከኋላ ክብደት ያነሣል። ሰውየው ጎንበስ ይላል፤ ሲቃና ክብደቱ ይነሣል።

ክብደቱ ነበር ያስቸገረኝ። የብረት ክብደት መግዛት አይታሰብም፤ የአሸዋ ከረጢት ደግሞ ስንት ኪሎ እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ጠዋት ባለቤቴ የውኃ ጀሪካን ስታነሣ አየኋትና መልሱን አገኘሁት። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። ባዶ ጀሪካን አንጠለጠልኩ፤ ሰውየው በበረታ ቁጥር አንድ ሊትር መጨመር ነው።

አባቴ ቆመው ከሆነ እሞክራለሁ አሉ፤ ከዚያ በፊት ግን ቡሬ ወሰድኳቸው፤ ባለሙያዋ አጥንታቸው ሳይታይ አይሆንም ብላ ነበር። የራጁን ፊልም አይታ፣ «አባቴ፣ አከርካሪዎ ዕድሜ ነክቶታል፤ ግን አልተሰበረም። በትንሹ መጀመር ይችላሉ» አለቻቸው።

«የልጄ ብረት አይገድለኝም?»

«ልጅዎ የነገርኩትን ከሰማ አይገድልዎትም።»

መሣሪያውን መንደር ወስደን ከጎተራው አጠገብ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ተከልነው። በሁለት ሊትር ጀመሩ። ሳምንት ሳይሞላ፣ አራተኛው ሊትር ላይ፣ ገመዱ ተበጠሰ። አባቴ ሲቃኑ የሚይዛቸው ስላጡ ወደ ኋላ ሄደው በቂጣቸው ተቀመጡ።

እናቴ እየሮጠች መጣች። የሰባ ምናምን ዓመት ሽማግሌ፣ ያውም አባቴን፣ በገዛ እጄ በሠራሁት ብረት ጣልኳቸው። ደግፈን አነሣናቸው፤ መቀመጫቸውን እያሻሹ ቆሙ። ምንም አልሆኑም።

«ነቅዬ እወስደዋለሁ» አልኩ።

«ለምን?» አሉኝ። «ሞፈር ሲሰበር እርሻ ይተዋል? ለኋላው አጥር ሥራለት። ገመዱን ለእኔ ተወው።»

ከኋላ ሰውን የሚያስቀር ድርብ መደገፊያ በየድኩ። እሳቸው ደግሞ ከቤት ውስጥ ከበሬ ቆዳ የተገመደ መጫኛ አወጡ፤ ለአህያ ጭነት የሚያገለግለውን። በጋውን ሙሉ እንደ ብረት ሠራ። ዝናብ ሲመጣ እየራሰ ስለተለጠጠ በአሮጌ የመኪና ወንበር ቀበቶ ቀየርኩት፤ አባቴ ግን እስከ ዛሬ መጫኛቸው ይሻል ነበር ይላሉ።

የአባቴ ጉብጠት አልቀናም። ይሄን በግልጽ መናገር አለብኝ፤ ሰው ሲሰማ ሽማግሌውን ጎረምሳ ያደረግኳቸው ይመስለዋል። የቀና ነገር ቢኖር አነሣሣቸው ነው። ከመደብ በአንድ ትንፋሽ ይነሣሉ። በበዓለ ሃምሳ አንድ እሑድ አብሬያቸው አስቀደስኩ፤ ከወንጌል በኋላ ወደ ዛፉ ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ መቋሚያቸውን ተደግፈው እስከ ሥርዓተ ቅዳሴው ፍጻሜ ቆሙ። ስንወጣ ስለ ወገባቸው ሳይሆን ስለ ዘንድሮው በቆሎ ነበር የምናወራው።

ወሬው በሰንበቴ ተሠራጨ። ጎረቤት እየመጣ ይሞክር ጀመር። አንዲት ጎረቤታችን ከምንጭ እየተመለሰች ውኃዋን እንዳዘለች ቆማ፣ «ይሄ የወንድ ብቻ ነው?» ብላ ጠየቀች። አልነበረም፤ ግን ትራሱ ለእሷ ቁመት ከፍ ያለ ነበር፤ ቀሚሷም ብሎኑ ላይ ይያዝ ነበር። ብሎኖቹን በላሜራ ሸፈንኳቸው፤ ቀዳዳውን ወደ ታች ጨመርኩ።

ያልጠቀመውም አለ። ሕመሙ እስከ ተረከዙ የሚወርድ አንድ ገበሬ ሁለት ሳምንት ሠርቶ፣ «ወንድሜ፣ ብሶብኛል» አለኝ። ግድግዳዬ ላይ የጻፍኩትን ሕግ መጀመሪያ ልነግረው ይገባኝ ነበር። አፈርኩ። በማግስቱ ይዤው ቡሬ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው መሣሪያዬ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሕመሙ የት ድረስ እንደሚሄድ እጠይቀዋለሁ፤ ወደ እግሩ ከወረደ አላስነካውም።

ለባለሙያዋም ሁለቱንም ዓይነት ሠርቼ አስገባሁላት። ባለፈው ወር ደግሞ ደወለችልኝ። «ተቀምጦ የሚሠራበት ትችላለህ?» አለችኝ፤ አሁን አንተ ትለኛለች። አንዲት ልብስ ሰፊ ታካሚ አለቻት፤ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ተጎንብሳ ስትሰፋ የኖረች፣ ረጅም ሰዓት መቆም የማትችል።

ቡሬ ሄጄ ሱቋ ውስጥ አገኘኋት። መቀመጫዋንና የጀርባዋን ቁመት ልለካ የብረት ሜትሬን ሳወጣ ከአንገቷ ላይ የጨርቁን ሜትር አውልቃ ዘረጋችልኝ።

«በብረት ሜትር የሰው ወገብ አይለካም» አለች። «ሃያ ዓመት ሰው ስለካ፣ እኔን የለካኝ የለም።»

ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ከመቀመጫዋ እስከ ትከሻ አጥንቷ ለክቼ ቁጥሩን መዳፌ ላይ ጻፍኩት።