የታዘዙትን ያልፈጸሙት ወታደር

ሃምሳ አለቃ ሁንዴ በዳሳ ባለፈው ሰኞ ጠዋት አዳማ በሚገኘው ቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ይህን ለሚያውቋቸው ሁሉ የምጽፈው እኔ የባለቤታቸው የወይዘሮ ጽጌ ታናሽ ወንድም ነኝ። ረጋ ብዬ ለመጻፍ አስቤ ነበር፤ በቀብሩ ላይ የሰማሁት ንግግር ግን አላስቻለኝም።

ተናጋሪው ስንት ጠላት እንደጣሉ፣ ኦጋዴን ላይ ብቻቸውን ታንክ እንዳቃጠሉ ተረከልን። ከየት አመጣው? እሳቸው ስለ ኦጋዴን ለሚስታቸው እንኳ አውርተው አያውቁም። ጉልበታቸውን የመታቸው ጥይት ከዚያ መምጣቱን ብቻ ነው የምናውቀው። ጋሪ የሚጠግኑበት ቦታ የሚሰበሰቡ ጎረምሶች ስንት ሰው እንደገደሉ ሲጠይቋቸው «በዚህ የሚኮራ ሰው ካያችሁ፣ ወይ አልተዋጋም፣ ወይ አልዳነም» ይሉና ወደ ጎማቸው ይመለሱ ነበር።

ተናጋሪው የዘለለውን እኔ ልንገራችሁ።

በደርግ ዘመን፣ ከጦር ሜዳ ቆስለው በተመለሱ በዓመቱ፣ ቀበሌያችን የአብዮት ጥበቃ ቡድን መሪ አደረጋቸው። አንድ እሑድ፣ ጎረቤታችን ወይዘሮ ሙሉ ቤት ተሰብስበው የሚጸልዩትን ጴንጤዎች ይዘው እንዲያመጡ ታዘዙ። የጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ወዲህ በየቤቱ ነበር የሚጸልዩት። ጋሽ ሁንዴ ኦርቶዶክስ ናቸው። የእነ ወይዘሮ ሙሉን መዝሙር ጭራሽ አይወዱትም፤ በዚሁ የተነሳ አጥር ለአጥር ሲነታረኩ ነበር የሚውሉት። ቀበሌው ተስማሚውን ሰው የላከ መስሎት ነበር።

አብረዋቸው የመጡትን የጥበቃ አባላት ደጅ አቁመው ብቻቸውን ገቡ። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ጥቂት ሴቶች፣ አንዲት አራስና አንድ ዓይነ ስውር አዛውንት ናቸው። ወይዘሮ ሙሉ በኋላ እንደነገሩን፣ ኮፍያቸውን አውልቀው እንደ እንግዳ «አካም ጂርቱ» ብለው ሰላምታ ሰጡ፤ ድምፃችሁን ቀንሱ አሉና ወጡ። ከዚያም ሌሎቹን ወደየቤታቸው አሰናብተው ወደ ቀበሌ ሄዱና ጠመንጃውን በሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ አኖሩት።

ሊቀመንበሩ ፈርተህ ነው ወይ አላቸው።

«ጦር ሜዳ የገጠመኝ ሰው የታጠቀ ነበር» አሉት። «አራስ ከነልጇ እየነዳሁ ብመጣ ማን ተብዬ ልጠራ ነው?»

እዚያው ታሰሩ። በቦታቸው የተተካው ሰው ወይዘሮ ሙሉ ቤት ሲደርስ ቤቱ ባዶ ነበር፤ ሰዎቹ ነገሩ ገብቷቸው ቢሾፍቱና ዱከም በየዘመዶቻቸው ዘንድ ተበትነዋል።

ጋሽ ሁንዴ ለመፈታት የተጠየቁት አንዲት ቃል ነበረች፤ በስብሰባ ፊት «ተሳስቻለሁ» ማለት። እህቴ ነፍሰ ጡር ሆና በዚያ የአዳማ ፀሐይ ስንቅ ታመላልሳለች። ሄጄ ለመንኳቸው። ቃሉን ተናግረው ቢወጡ ማንም እንደማይታዘባቸው፣ ልጆቻቸው እንደሚፈልጓቸው አስረዳኋቸው። ሰሙኝና «ጽጌን ስንቁን ቀንሺ በላት፤ ይከብዳታል» አሉኝ። መልሳቸው ይኸው ነው። ከዚያ ሰው ጋር ምን ይባላል?

ክረምቱ እስኪወጣ አልተፈቱም። ልጃቸው ስትወለድ አላዩም። ሲወጡ ጥይት የመታው እግራቸው ብሶበት ነበር፤ ቢሆንም በማግስቱ አጥሩ ላይ ቆመው፣ ወደ ቤታቸው ከተመለሱት ከወይዘሮ ሙሉ ጋር ስለ መዝሙሩ ካቆሙበት ቀጠሉ። ወይዘሮ ሙሉ ሊያመሰግኑ ሲጀምሩ «ይልቅ ዜማውን አስተካክሉት» ብለው አቋረጧቸው።

እውነተኛ ተዋጊ ማለት እንዲህ ያለ ሰው ከሆነ፣ አብሮት መኖር አድካሚ መሆኑንም ጨምራችሁ ተናገሩ። የእህቴን ድካም ማንም በንግግሩ አላነሳውም። ታንክማ ይነሳል።

ጋሽ ሁንዴ፤ አሁንም ተቆጥቼብዎታለሁ። ለሐኪም እሺ አላሉም፤ ለእህቴ እሺ አላሉም፤ ለእኔማ ከመቼ ወዲህ። አንዲት ነገር እንኳ እንደ ሰው ሁሉ አቅልለው ቢያልፏት ምን ነበረበት እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ስሞግትዎ ሰነበትኩ። የሚመልስልኝ አጣሁ። በሉ ይረፉ፤ ከእንግዲህ የሚያዝዎት የለም።