የአክስቴና የእርጥበት ጠብ

አክስቴ እርጥበትን እንደ ደመኛ ነው የምታየው። ያሳደገችኝ የእህቷ ልጅ ሆኜ እንኳ ጫማዬን ደጋግሜ ሳልጠርግ በሯን አልፌ አላውቅም። ከእጇ በማይለየው መወልወያ የተነሳ የሥራ ባልደረቦቿ «እትዬ ጨርቄ» አሏት። መጀመሪያ ተቀየመች፣ ኋላ ለመደችው።

ሥራዋ የፓምፕ ዘንግ ማልበስ ነው። አየሩ ተመጦ በወጣበት ምድጃ ውስጥ ዘንጉ ከፀጉር የቀጠነ ጥቁር የካርቦን ሽፋን ይለብሳል፤ ከዚያ ያለ ቅባት መንሸራተት አለበት። ዘንድሮ ግን እንቢ አለ። በሚፈተንበት ዝግ ሣጥን ውስጥ ሲሽከረከር ይጮሃል፣ ሽፋኑም ተፍቆ ዱቄት ይሆናል። አለቃው የቀረው የመጨረሻ ዘንግ ካልተሳካ ምድጃው ይሸጣል አሉ።

«ምድጃው ከሄደ እኔ ምን ልሠራ ነው?» አለችኝ። እሷን የመሰለች ቆፍጣና ሴት ድምጿ ሲሰበር መስማት አንጀት ይበላል።

የምታውቀውን መድኃኒት አደረገች፤ ማድረቅ። ሣጥኑ ውስጥ ድሮም ደረቅ ናይትሮጅን ነበር የሚሞላው፤ አሁን ጨምራ ሞላችበት። ጩኸቱ ባሰ።

ወጣቱ ኢንጂነር ራሱን አከከ። «እትዬ፣ አምና እኮ የሣጥኑ ክዳን ማሸጊያ ጎማ ተቀዶ አየር ያስገባ ነበር። ያኔ አንድም ቀን አልጮኸም።»

ጎማውን የቀየረችው እሷ ናት፤ እንዴት እንደኮራችበት እኔ ነኝ የማውቀው።

«እስቲ ይክፈቱት።»

«በዚህ ዝናብ? አብደሃል እንዴ!»

«የባሰ ምን ሊመጣ ነው?»

ቆሽቷ እያረረ የመጨረሻውን ዘንግ አስገብታ ክዳኑን ገለጥ አደረገችው። ዘንጉ ትንሽ አጉረመረመና ፀጥ አለ። አለቃው ጆሯቸውን አስጠግተው ቢያዳምጡ ምንም የለም።

«የካርቦኑ ፊት ባዶ እጆች አሉት እንበል» አለ ኢንጂነሩ። «ደረቅ ቦታ የሚይዙት ስለሚያጡ የሚነካቸውን ብረት ጨምድደው ይይዛሉ። ከአየሩ የሚመጡት ውሃና ኦክስጅን ግን እጆቹን ይሞሏቸዋል፤ ያኔ ይለቃሉ።»

«ለካ እንጀራዬ በጠላቴ እጅ ነበር!» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሽፋኑ ድሮም ጤነኛ ነበር። ምድጃውም ሳይሸጥ ቀረላት።

ማታ ዝናብ አበስብሶኝ ቤቷ ደረስኩ። እንደ ልማዴ ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን መጥረግ ስጀምር እጄን ይዛ ጎተተችኝ።

«ተይው ልጄ፣ ግቢ።»

ወለሉ ላይ የተንጠባጠበውን አየችው። እራት በልተን እስክንጨርስ ግን ጨርቁን አላነሳችም።