ኳስ የያዘ ማንን ያባርራል

ዳንግላ፣ ውብአየሁ ኳስ የምታሳይበት ቤት፣ ጋሪ ነጂ ሁሉ አለንጋውን በር ላይ ሰቅሎ ነው የሚገባው። አንድ ሰውዬ ግን የሚሰቅለው የለውም። ቤቱ በሰው ትንፋሽ ቢግልም ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከስክሪኑ ስር ይቀመጣል። ስሙን የጠየቀው የለም።

እሁድ በጨዋታው እረፍት ሰዓት ስክሪኑ ላይ የሁለቱ ቡድኖች ቁጥር ወጣ። ሰማያዊዎቹ ተጭነው ኳስ ለመንጠቅ የሞከሩት የቀዮቹን እጥፍ ነው።

«የእናንተዎቹ ሙሽሮች ናቸው እንዴ? ሩጫ የለ፣ መጫን የለ!» አለ አንዱ የሰማያዊ ደጋፊ።

የቀዮቹ ደጋፊ ይኸነው አለንጋውን ከበር መነተፈ። አግዳሚ ተሰበረ፣ ጥርስ ረገፈ፣ ደም ግድግዳው ላይ አበባ ሆኖ ፈካ። ውብአየሁ ልጆቿን የምታሳድግበትን ብቸኛ ስክሪን በደረቷ ሸፈነች። ወደ እሷ የመጣውን አለንጋ ሰውዬው በክንዱ ተቀበለው።

«ኳሱን ይዘው የዋሉት ቀዮቹ ናቸው» አለ ድምፁን ሳያነሳ። «ኳስ የያዘ ማንን ያባርራል? የየቡድኑን ቁጥር ያለ ኳስ ለቆየበት ጊዜ አካፍሉትና ያኔ ተሰዳደቡ።»

አለንጋው በቀደደው የሰውዬው እጅጌ ውስጥ፣ ከአንጓው እስከ ክርኑ፣ እንደ እርሻ የተተለተለ የድሮ ጠባሳ ታየ።

«ማነው እንዲህ ያደረገዎት?» አለች ውብአየሁ።

«እንጃ፣ እህቴ። ያን ቀን ኳሱ በሌሎች እጅ ነበር፤ ብዙ የሮጥኩት እኔ ነበርኩ።»