መኪናዋን ዝም ለማሰኘት

ሾፌሩ ተረጋግቶ መቀመጥ ካቃተው ሰንብቷል። ቤት ሲገባ ከወንበሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ ይላል፤ ደጅ የቆመችውን አሮጌ ሚኒባሱን ያያል፤ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ወንበሩ ሳይሞቅ ደግሞ ይነሣል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «አንተ ሰውዬ፣ ወለሉን ጨረስከው» ትለዋለች።

በሚኒባሶች ተራ የሚያውቁት ሁሉ «ጆሮው» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። የካቻቪቴውን ጫፍ ከሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ሥር ካለው አጥንት ላይ ያሳርፍና ዐይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ «ቺንጊያ ነው» ወይም «ኩሽኔታ ነው» ይላል። ሲፈታ ያው ያለው ይገኛል። በመንዳት የሚታወቅ ሾፌር ሞልቷል፤ በማዳመጥ የሚታወቀው እሱ ብቻ ነው። ይህንንም በሆዱ ይኮራበታል።

አሁን ግን የገዛ መኪናው ውስጥ ቀጭን ፉጨት ገብቷል። ካቻቪቴውን ሞተሩ ላይ፣ በሩ ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ ቻንሲው ላይ ሳይቀር አሳርፎ አዳመጠ። የትም ቢያሳርፈው ፉጨቱ እኩል ነው። ሚስቱ ይህን ስትሰማ ጆሮህን ታየው አለችው። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እሱ እንደሚለው ጥፋቱ የላሜራው ነው፤ ላሜራው አርጅቶ ሳስቷል፤ መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ይንቀጠቀጣል፤ ሲንቀጠቀጥ ያፏጫል። እሷ ልክ ከሆነች ግን ነገ ተራው ላይ ምን ተብሎ ይጠራል? ይህን ለራሱም ጮክ ብሎ አልጠየቀም። ብቻ እግሩ አላርፍ አለ።

የባሰበት ደግሞ ባለፈው ሰሞን ነው። «ረጅሙ» የሚሉት ጓደኛው መኪናው ስትሄድ እንደምትጮኽበት ነገረው። ሾፌሩ አዳመጠና በሰው ፊት «የኋላ ኩሽኔታ ነው፤ ካልሆነ ጆሮዬን ቁረጡት» አለ። ጎማው ወረደ፤ ኩሽኔታው ወጣ፤ ትናንት ከፋብሪካ የመጣ ይመስል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱ ሲያልፍ ከሾፌሮቹ አንዱ በሁለት ጣቱ የመቀስ ምልክት ያሳያል። ረጅሙም ክፋት የለውም፤ «መቀሱን ስሎ የሚሰጠኝ ሰው አጣሁ እንጂ ቀጠሯችንን አልረሳሁም» ይለዋል። አንድ ቀን እንዲህ ሲሉት አብሯቸው ሳቀ። በማግስቱ ድምፅ የሚያፍን ነገር ፍለጋ ወጣ።

መጀመሪያ የገባው የመኪና ጌጣጌጥ ከሚሸጥበት ሱቅ ነው። ሻጯ ወጣት ናት፤ ጥድፊያውን አይታ ወንበር ሰጠችው፤ አልተቀመጠም። ከመደርደሪያው ሁለት ጥቁር ንጣፎች አወረደች። የሁለቱም ጀርባ ብር በመሰለ ወረቀት የተለበጠ ነው፤ ላያቸው ሰው አንድ ይመስላሉ። አንዱ በጣት ሲጫኑት ታኝኮ እንደተተፋ ማስቲካ ገባ ይልና ይመለሳል። ሌላው ደረቅ ነው፤ ጠርዙ ይሰበራል፤ ሲያሸቱት አዲስ አስፋልት ይሸታል። «ጋሼ፣ ይሄኛው ጎማነት አለው፤ ያኛው ካትራሜ ነው» አለችው። ባዶ ቆርቆሮ አንኳኳችለት፤ ጮኸ። የጎማው ቁራጭ የተለጠፈበትን ቆርቆሮ አንኳኳች፤ እንጨት የተመታ መሰለ። ሾፌሩ ቆርቆሮውን ከእጇ ተቀብሎ ደጋግሞ መታው። ለመላዋ መኪና ስንት እንደሚያስወጣ አስልታ ስትነግረው ግን መልሶ አስቀመጠው። መኪናዋን ራሷን የገዛኋት በዚህ ነው አላትና ወጣ።

ካትራሜው ከልቡ አልወጣም፤ ርካሽ ነው። ይህን ይዞ ወደ ድሮ ጓደኛው፣ ወደ ባትላሜራው ሄደ። ባትላሜራው የተጨረማመተ በር እያቃና ነበር። መዶሻውን ሳያስቀምጥ ሰማውና «ካትራሜ ለጥፈህ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ አቁማት። ይቀልጥና ተሳፋሪው ተጣብቆ ሒሳቡን ከፍሎም አይወርድልህም» አለው። ሾፌሩ «ስፖንጅስ?» አለ። ስፖንጅ ውኃ ይጠጣል፤ ላሜራውን ከሥሩ ያዝገዋል፤ አንድ ክረምት ቆይተህ ወለሏን ይዘህልኝ ትመጣለህ አለው። ሾፌሩ የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ለጥፈው የሚነዱ ሰዎችን ሲያነሣበት ደግሞ ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

ሾፌሩ ተነሥቶ ሊሄድ ሲል ባትላሜራው ያዘው። መላውን ማልበስ ምን አደከመህ፤ ላሜራ የሚጮኸው መሐሉ ላይ ነው፤ መሐሉን ከያዝክለት ጠርዙ ብቻውን አይጮኽም ብሎ አስረዳው። «እያንኳኳህ የሚጮኸውን ምረጥ። ለእሱ ብቻ ደኅናውን ግዛለት።»

ወንበሮቹን ፈቱ፤ ሞኬቱን ገፈፉ። ሾፌሩ ጠመኔ ይዞ ወለሉን፣ በሮቹን፣ ከጎማዎቹ በላይ ያለውን ጉልላት በጣቱ አጥንት ማንኳኳት ጀመረ። የሚጮኸው ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ዝም ያለውን ያልፋል። ሥራ በመያዙ ትንሽ ቀልቡ ተመለሰ። ከተንሸራታቹ በር ሥር አንዱን ቦታ አንኳኩቶ አለፈው። ባትላሜራው ከኋላው ጎንበስ ብሎ ያንኑ ቦታ እንደገና አንኳኳ። ቆም አለ። ከዚያ ጠመኔውን ከጓደኛው እጅ ወስዶ ራሱ ምልክት አደረገበት። ሾፌሩ ያየ አልመሰለም፤ ፊቱ ግን ቀላ።

ሻጯ ዘንድ ተመልሶ ለምልክቶቹ የሚበቃውን ጎማ ብቻ ገዛ። ለወለሉ ከተዳመጠ ብጥስጣሽ ጨርቅ የተሠራ ወፍራም ንጣፍ ጨመረ። ላሜራውን በቤንዚን አጸዱ፤ ቁራጮቹን ለጠፉ፤ አየር እንዳይቀርባቸው በባዶ ጠርሙስ ዳመጧቸው። ጠርሙሱን ይዞ የነበረው ሾፌሩ ነው፤ በቃ ሲባልም አልተወም።

ሲጨርሱ ሚስቱን ጠርቶ ከጎኑ አስቀመጣት። በሩ ሲዘጋ እንደ ድሮው አላንቋረረም። ወለሉ ላይ ሁልጊዜ እንደ ጠጠር የሚንጣጣው ድምፅ የለም። ኮረኮንቹን አልፈው አስፋልቱን ሲይዙ ሚስቱ ስለ አንዲት ደንበኛዋ ቀሚስ ማውራት ጀመረች። እዚህ መኪና ውስጥ ሳትጮኽ ስታወራ የመጀመሪያዋ ነው። እሱ አላዳመጣትም። ፉጨቱ አለ። ሌላው ድምፅ ሁሉ ሲነሣለት ጭራሽ ጎላ። ፍጥነት ቀነሰ፤ አለ። ጨመረ፤ አለ። ዳር ይዞ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። ፉጨቱ አሁንም አለ።

«ይሰማሻል?» አላት።

ሚስቱ መስኮቱን ዘጋች፤ ከፈተች፤ እንደገና ዘጋች። አንዳች ነገር እንድትሰማ አጥብቃ የፈለገች ትመስል ነበር።

«እውነቱን ልንገርህ?»

«ንገሪኝ።»

«ምንም የለም። እንዲህ ጸጥ ያለ ቦታ ተቀምጬም አላውቅ።»

እጁን ከመሪው ላይ አላነሣም። የሚተላለፉት መኪኖች ሚኒባሷን ነቅነቅ እያደረጓት ያልፋሉ።

«የትኛው ነው ትይኝ የነበረው?» አላት በመጨረሻ።

«ግራው። ከግራህ ስጠራህ አትዞርም።»

የጆሮ ሐኪም በዚህ ሰዓት ይገኝ እንደሆነ ጠየቃት። ሳንንቀዠቀዥም እንደርሳለን አለችው። ሞተሩን አስነሣና ወደ መንገዱ ገባ። ጥቂት እንደሄዱ እጇን ዘርግታ ክንዱን ነካችው።

«ፍሬቻህን አጥፋው፤ እየመታ ነው።»

ዐይኑን ወደ ሰሌዳው ጣለ። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ማብሪያውን መለሰው።

«አልሰማሁትም» አላት።