ሳህኔን ያየችልኝ ልጅ

ቆላማዋ ከተማችን ሸሕዲ በፀሐይ ስትጠበስ፣ እኔ ሞኙ ጋቢ ደርቤ ወጣሁና «ዛሬስ ብርዱ አይጣል ነው» አልሁ። ሰፈሩ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥርሴ ግን ይንገጫገጭ ነበር። ወባ ነው ብዬ ከዓምና የተረፈኝን ኪኒን ዋጥሁ። ትራክተር ስነዳ የሞተሩን ድምፅ ሳልሰማ ቡሎን ፈትቼ አላውቅም፤ ለራሴ ሲሆን ግን ሐኪም ሆንሁ።

ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ደጄን የምታንኳኳው የጎረቤቴ የነጋዴው ልጅ ሐያት ብቻ ነበረች። የሆቴል መስተንግዶ ትማራለች፤ ኮሌጁ ትምህርቱን በኢንተርኔት ስላደረገው መምህሯ ስልኳ ውስጥ ነው። የምታስተናግደው እንግዳ ብታጣ እኔን ሾመችኝ። ምሳዬን በትሪ አምጥታ፣ ጎንበስ ብላ ታቀርባለች። ሕጉን በቃሏ ታውቀዋለች፤ እጇ ግን ገና ነው። ኔትወርክ ሲቋረጥ መምህሩ ማንቆርቆሪያውን እንዳነሣ ይደርቃል፤ እሷም ዓይኗን ስልኩ ላይ ተክላ ትደርቃለች፤ ሻዩ ጭኔ ላይ ይወርዳል። ስልክ ያስተምራል እንጂ እጅ አያቃናም እያልሁ አሾፍባት ነበር።

ሦስተኛው ሳምንት ገባ። ትኩሳቱ አልለቀቀም። ሰውነቴ ከሳ። ሆዴ ተነፋ። ለማንም አልተናገርሁም። ለማን?

አንድ ቀን ሐያት ትሪውን ሳታነሣ ቆመች።

«አባባ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሳህንዎ እንደመጣ ተመለሰ። መምህራችን እንግዳው ካልበላ መጀመሪያ ፊቱን እዪ ብሎናል። ፊትዎ ደግሞ ጥሩ አይደለም።»

«ወጥሽ ነዋ» አልኋት።

አልሳቀችም። አባቷን ጠርታ ባጃጅ ላይ ጫኑኝ።

ሐኪሙ ሆዴን ዳሰሰ። ደም ተወሰደ።

«ወባ አይደለም፤ የአሸዋ ዝንብ ነክሶ የሚያስይዘው ካላዛር ነው። ጣፊያዎ እምብርትዎ ድረስ አብጧል። ከዚህ በላይ ቢዘገዩ ለማትረፍ ይከብደን ነበር።»

አሥራ ሰባት ቀን መርፌ። የሌላው በሽተኛ ጠያቂ ሲመጣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ።

ቀስ በቀስ ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ ሆዴም ጎደለ፣ የሆስፒታሉን ሾርባ እስከ መተቸት ደረስሁ፤ ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ሐያት ትምህርቷን ጨርሳ ጎንደር ከተማ አንድ ሆቴል ተቀጥራ ሄዳለች። እጇ እዚያ ሳይቃና አልቀረም። ዓይኗን ግን ያ ያሾፍሁበት ስልክ ነው ያስተማረው፤ እሱንም እሷንም አመሰግናለሁ።

ሰሊጥ ማሳ ውስጥ፣ ግራር ሥር የምታድሩ ሁሉ፣ ትኩሳት ከሁለት ሳምንት ካለፈ በግምት ኪኒን አትዋጡ፤ የካላዛር ምርመራ ጠይቁ። ብቻችሁን የምትኖሩ ደግሞ ሳህናችሁን የሚያይ ሰው አትጡ።

ሐያት ከመታመሜ በፊት ለኮሌጇ የሚገባ የእንግዳ አስተያየት ወረቀት ሰጥታኝ ነበር። የቤተሰቦቿን አስገብታ ፈተናዋን አልፋለች፤ የእኔ እዚሁ ቀረ። ሁሉንም ሞልቻለሁ፤ የመጨረሻው ጥያቄ ብቻ፣ «በመስተንግዶው ምን ጎደለ?» የሚለው ባዶ ነው። ስለ ሻዩ ልጽፍ ብዬ ተውሁት። ዛሬም ደጄን የሚያንኳኳ ሳይኖር ብቻዬን ምሳዬን በልቼ ወረቀቱን አውጥቼ አየሁት። መልሱን አውቀዋለሁ፤ አልጻፍሁላትም።